ሳይለወጥ የተሻገረው ቁጥር

ጦርነቱ በተጀመረ በሦስተኛው ዓመት፣ ጠላት ምሽጉን በከበበ በዐሥረኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ የውኃው ሹም ከጕድጓዱ አፍ ተቀምጦ ድንጋይ ላይ በከሰል ይጽፍ ነበር። በጕድጓዱ ዘጠኝ መቶ ጋን ውኃ አለ፤ ምንጩ በየቀኑ አምስት ጋን ይጨምራል፤ ሕዝቡ በየቀኑ ሃያ ጋን ይጠጣል። የቀደሙት ሹሞች ገመድ እየጣሉ በግምት ይናገሩ ነበር፤ እርሱ ግን ከአንድ ምርኮኛ መምህር አልጀብራ ተምሮ፣ ያልታወቀውን ቁጥር ፈልጎ ማግኘት ያውቅበታል፤ ለዚህም «ስውሩ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

«ስንት ቀን ያዘልቀናል?» አለ አዛዡ። «ረዳት ጦር ለመድረስ ሃምሳ ቀን ይፈልጋል። ካልበቃን ሴቶችና ሽማግሌዎች ዛሬ ይውጡ፤ ጠላት እስከ ቀትር መንገድ ሰጥቷል።»

«ጥቂት ይታገሡኝ፣ ጌታዬ።»

«የምን መታገሥ! ፀሐይዋን አታያትም?»

አምስቱን ከእኩል ምልክቱ ወዲያ ሲያሻግር መደመሩን ወደ መቀነስ መለወጥ ነበረበት፤ በጥድፊያ እንዳለ አሻገረውና ከሃያው ጋር ደመረው።

«ሠላሳ ስድስት ቀን» አለ።

ሚስቱ ጓዟን አንጠልጥላ የምሽጉ በር ላይ ጠበቀችው።

«ያ ስውር ቁጥርህ እኔንም አስወጣኝ በለኛ!» ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። «ደረትህን ሸፍን፤ ሳሉ እንዳይብስብህ።»

«ሃምሳ ቀን ምን አላት? እንገናኛለን» አላት።

በሩ ተዘጋ። ቤቱ ሲገባ ጭር ብሎ ጠበቀው፤ የሚሠራው ቢያጣ፣ መምህሩ እንዳስተማረው መልሱን በቦታው አስገብቶ ፈተነው። በሠላሳ ስድስት ቀን የሚጠጣው ሰባት መቶ ሃያ፤ ያለው ግን የምንጩ ሲጨመር አንድ ሺህ ሰማንያ ጋን! ወይ ጉድ! እንደገና ፈታው፤ ስድሳ ቀን ወጣ።

«ጌታዬ፣ ተሳስቻለሁ! ውኃው ለሁሉም ይበቃል፤ ይመለሱ!» እያለ ወደ አዛዡ ሮጠ።

አዛዡ ከግንቡ ላይ ባዶውን መንገድ አሳየው። «ማንን ልላክ? ከእንግዲህ በጠላት እጅ ናቸው። ይህን ለማንም እንዳትናገር።»

ረዳት ጦር በሃምሳኛው ቀን ደረሰ፤ የወጡትን ግን ጠላት ወደ ሩቅ አገር ነድቷቸው ነበር፤ ከእነርሱም አንድም አልተመለሰም። ሹሙ ከዚያ በኋላ ብቻውን እየበላ፣ ብቻውን እያወራ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖረ። አንድ ቀን ለታሪክ ጸሐፊው ሁሉን ሊናዘዝ ሄደ፤ ጸሐፊው ግን «አባቴ፣ የእርስዎ ነገር ተጽፎ አልቋል» ብሎ በአክብሮት ሸኘው። እውነትም ተጽፏል፤ በውኃው ሹም ጥበብ ምሽጉ ዳነ ይላል። በዚያች ቀትር ስለ ወጡት ሰባ ሦስት ሰዎች ግን አንድም መስመር የለም።