የሶኬቱ ሦስተኛ እግር

«አይገባም አልኩህ እኮ፤ ቀዳዳው ሁለት ነው።»

«ታዲያ ምን አደረግኸው?»

«ነቀልኩት።»

«ይሠራል?»

«ይሠራል እንጂ!»

ከዚያ ሳቅ ነበር። ኢንስፔክተር በቀለች ይህን ንግግር የሰማችው በልጅነቷ፣ ዲክሲስ ከተማ ውስጥ፣ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ ተራ ስትጠብቅ ነው። ተናጋሪዎቹ እነማን እንደነበሩ፣ የተነቀለውም ነገር ምን እንደሆነ አታስታውስም። ከሳቁ በኋላ አንደኛው ዝግ ባለ ድምፅ የጨመረው ነገር ነበር፤ እሱን የወፍጮው ጩኸት ዋጠው። አንዳንድ ንግግር እንዲህ ነው፤ ሳይገባን ጆሯችን ውስጥ ተቀምጦ ቀኑን ይጠብቃል።

ቀኑ የመጣው ሚፍታ በተቀበረ ማግስት ነው።

ሚፍታ አሰላ ውስጥ፣ አዲስ በተሠራ ፎቅ ሥር የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት ነበረው። ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት ሊወጣ ሲል ከኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ሥር ወድቆ ተገኘ። ሰው ተሰበሰበ፤ ልቡ ነው ተባለ፤ በዚያው ቀን አፈር ለበሰ። በማግስቱ ግን ሚስቱ ነቢላ ፖሊስ ጣቢያ መጥታ የጸሐፊዋን ስም ጠራች።

«ፈይሩዛ ናት» አለች፣ ዓይኗ ከለቅሶ ብዛት አብጦ። «ጠዋት ተጣልተዋል። ሌላ ሥራ ፈልጊ ብሏታል። ከሰዓት ሻይ አምጥታ ሰጠችው። ደህና የነበረ ሰው ሻይ ጠጥቶ እንዴት ይሞታል?»

የሟች ወንድሞች ደጅ ቆመው ነበር። ፈይሩዛ ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እዚያ የተቀመጠችው ታስራ ይሁን ተጠልላ ለራሷም ግልጽ አልነበረም። ከዚያ በር በንጽሕና ካልወጣች አሰላ ላይ ዳግም ቀና ብላ እንደማትሄድ በቀለች አውቃለች።

መጀመሪያ የሄደችው የሟቹን ገላ ወዳጠቡት ወደ ሼህ ሰኢድ ነው።

«ሼህ፣ ያዩትን እንዲነግሩኝ ነው የመጣሁት።»

«ልጄ፣ የሙት ገላ አደራ ነው። ያጠበ ሰው ያየውን አያወራም።»

«ስለ ሙቱ ብዬ አይደለም። በሕይወት ስላለችው ልጅ ብዬ ነው።»

ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን እስከ ጫፉ አንከባለሉ። እሷም አላቻኮለቻቸውም።

«የቀኝ እጁ ጣት ላይ» አሉ በመጨረሻ፣ «የተቃጠለ ነጥብ ነበረች። ውስጥ እግሩም ላይ ሌላ። ልናገር ፈልጌ ተውኩት። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

በቀለች ወደ ጣቢያ ተመልሳ ፈይሩዛ አጠገብ ተቀመጠች።

«ሲወድቅ ጫማ አድርጎ ነበር?»

«ለሶላት ታጥቦ ውዱእ አድርጎ ነበር፤ በባዶ እግሩ ነው። ከእጁ ውኃው ገና ይንጠባጠባል። ኮምፒውተሩን ከኋላ አጥፍቼ ልሂድ ብሎ ጎንበስ አለ። እኔ ፎቶኮፒው ጋ ነበርኩ። ያ ረቢ፣ ድምፅ እንኳ አላሰማም።»

«ጠዋትስ በምን ተጣላችሁ?»

ልጅቷ የሻሿን ጫፍ ጠመዘዘች። «ይነዝረኛል ስላልኩት ነው። ክንዴ የኮምፒውተሩን ብረት ሲነካ ይነዝረኛል። ሥራ ስትጠዪ ሰበብ አታጪም አለኝ። እኔ የላስቲክ ኮንጎ ጫማ አደርጋለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ነው የሚሰማኝ። ለምን ደግሜ አልነገርኩትም? ለምን ሰው እስኪሰማ አልጮህኩም? ሻዩን አይደለም፣ ዝምታዬን ነው ያጠጣሁት።»

«መንዘር የጀመረው መቼ ነው?»

«ፓወር ሳፕላዩ ከተቀየረ ወዲህ።»

ነገሩን ከሥሩ አስረዳቻት። ኮምፒውተሩ እየተጻፈበት ድንገት ይጠፋ ጀመር፤ ኋላም ጭራሽ አልበራ አለ። ገመድ ቀየሩ፤ ሌላ የግድግዳ ሶኬት ላይ ሞከሩ፤ ያው ነው። ኮምፒውተሩን የሸጠላቸው የእንደሻው ሱቅ ባለሙያ ሙንተሲር መጣና ለኮምፒውተሩ ኮረንቲ የሚመግበውን የብረት ሣጥን አወጣ። አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በቁራጭ ሽቦ አገናኝቶ ሞከረው። ደህና ቢሆን ማራገቢያው ይዞር ነበር፤ አልዞረም። ዋስትናው ስላላለፈ ወደተገዛበት ሱቅ ተወሰደ፤ በአዲስ ካርቶንም ሌላ መጣ።

እንደሻው ሱቁ ውስጥ ከመስታወት ባንኮው ኋላ ቆሞ ነበር፤ ሰውነቱ ሞላ ያለ፣ ለደንበኛ ፈገግታው የማይጎድል ነጋዴ።

«ቀይሬለታለሁ፣ ኢንስፔክተር። የዋስትና ስቲከሩ አልተቀደደም፣ ጊዜው አላለፈም። አዲስ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲያ ምን ያገባኛል?»

«በእጅዎ ሰጡት፣ ጋሽ እንደሻው?»

«የሚሰጠው ሙንተሲር ነው።»

«ምትክ ዕቃው ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር ማለት ነው?»

እንደሻው የጸዳውን መስታወት መልሶ ይወለውል ጀመር። «ይመጣል፣ ይሄዳል» አለ።

በቀለች ሙንተሲርን ይዛ ወደ ሟች ፎቶኮፒ ቤት ሄደች። ከጠዋት ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ መብራት ጠፍቷል፤ በየሱቁ ደጅ ጄኔሬተር ያጉረመርማል። የሚፍታ ቤት ግን ጨለማ ነው። ሙንተሲር እንደገባ የጃኬቱን እጅጌ እስከ ጣቱ ስቦ ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀለ፤ ከዚያ በኋላ ነው ካቻቢቴውን ያወጣው።

«መብራት እኮ የለም» አለች።

«ልማድ ነው። ድንገት ከመጣ ብዬ ነው።»

ዓይኗ እጅጌው ላይ ቀረ። ሣጥኑ ሲወጣ ወደ መስኮቱ ወስዳ አገላበጠችው። የአንዱ ብሎን ራስ ተፋፍቋል፤ ስቲከሩም ጥጉ ላይ እንደ ታጠበ ወረቀት ተሸብሽቧል። በማራገቢያው ቀዳዳ እፍ አለች። ነጭ ብናኝ ቦነነ። ከዚያ ጣቷን ከጠረጴዛው ኋላ አስሄደችው፤ ጣቷ ጥቁር ሆኖ ወጣ።

መጨረሻ ላይ ጎንበስ ብላ የተነቀለውን ሶኬት አነሳች። ሁለት እግር አለው፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ የተሰበረ ጉቶ። ግድግዳው ላይ ያለው ቀዳዳ ግን ሦስት ነው። ያን ጊዜ የወፍጮ ቤቱ ንግግር ከነሳቁ ተመለሰባት። ሳታስበው አማተበች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እዚያው ቤት ሰበሰበቻቸው። ነቢላ ከሟች ወንድሞች ጋር ቆማለች፤ ሼህ ሰኢድ ወንበር ተሰጣቸው። ፈይሩዛ በሩ አጠገብ ናት፤ እንደሻውና ሙንተሲር ጎን ለጎን ቆመዋል፣ ግን አይተያዩም።

«ሚፍታን የገደለው ሻይ አይደለም» አለች በቀለች። «ኮረንቲ ነው። በጣቱ ገብቶ በእግሩ ወጥቷል። ምልክቱን ሼህ ሰኢድ አይተዋል።»

ነቢላ ወደ ሽማግሌው ዞረች። ራሳቸውን ነቀነቁላት።

«እንግዲህ ፈይሩዛ በዚሁ ኮምፒውተር ስትሠራ ሰንብታለች። እሷን ለምን አልገደላትም? የላስቲክ ጫማ አድርጋለች፤ ክንዷ ብረቱን ሲነካም ትንሽ ብቻ ነው የሚነዝራት። እሱ ግን ለሶላት ታጥቦ፣ በባዶና በርጥብ እግሩ ቆሞ፣ ከኋላ ያለውን ብረት ነካ።»

«አዲስ ዕቃ እንዴት ብረቱ ላይ ኮረንቲ ይኖረዋል?» አለ ከወንድሞቹ አንዱ።

«አዲስ አልነበረም።» ሣጥኑን አንስታ እፍ አለችበት፤ ነጩ ብናኝ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ተንሳፈፈ። «ይህ ዱቄት ነው። የዚህ ቤት አቧራ የፎቶኮፒ ቀለም ነው፤ ጥቁር ነው። ሣጥኑ ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት ወፍጮ ቤት ባለ ኮምፒውተር ውስጥ ሠርቷል። ተበላሽቶ ለዋስትና የተመለሰ ነው። አንድ ሰው ስቲከሩን በሙቀት አላቅቆ ከፈተው፣ ጠገነው፣ መልሶ ለጠፈው፣ በአዲስ ካርቶንም አደረገው። ሲዘጋው አንድ ሽቦ በክዳኑ ጠርዝ ተቆንጥጦ መሆን አለበት። ኮረንቲው ወደ ብረቱ ያመለጠው በዚያ ነው።»

ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ጠዋት መብራት በሌለበት ቤት አንድ ሰው ሶኬቱን በባዶ እጁ መንካት ፈራ። ድንገት ቢመጣ ብሎ መንቀሉ ጥንቃቄ ነው። እጅጌን ስቦ መንቀል ግን ሌላ ነው። ያን ጊዜ ኮረንቲ ነው ብሎ የተናገረ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የሚያወራው ስለ ሻይ ነበር። አንተ ግን ታውቅ ነበር፣ ሙንተሲር።»

ሙንተሲር ግድግዳውን ተደገፈ።

«አላወቅኩም፤ ወላሂ መጀመሪያ አላወቅኩም» አለ። «መሞቱን ስሰማ ነው የገባኝ። ጓደኛዬ ነበር። ፎርም የሚያስሞሉ ተማሪዎች ተሰልፈውበት፣ ሙንተሲር አድነኝ ብሎ ለመነኝ። ምትክ ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ገና ነው። ከዲክሲስ ወፍጮ ቤት ተበላሽቶ የተመለሰውን ከፍቼ የተቃጠለውን ቀየርኩለት። አዲሱ ሲመጣ ቀስ ብዬ ልለውጥለት ነበር። ካርቶኑ ውስጥ የከተትኩት እንዳይጨነቅ ብዬ ነው። በቀብሩ ላይ አፈር እየመለስኩ፣ ዛሬም ይቺ ልጅ በኔ ጥፋት ስትጠራ እየሰማሁ፣ አፌ አልከፈት አለኝ።»

«እኔ ምንም አላውቅም!» አለ እንደሻው ፈጥኖ። «ሰምታችኋል፤ ራሱ ነው ያደረገው።»

«ምትክ ዕቃው እንዳልመጣ ያውቁ ነበር» አለች በቀለች። «ደንበኛው ግን ካርቶን ይዞ ሲወጣ አይተዋል።»

«አልጠየቅኩም» አለ እንደሻው። ድምፁ ወረደ። «ደንበኛው ደስ ብሎት ሄደ። አልጠየቅኩም።»

«አንድ ይቀራል።» ሶኬቱን ዘርግታ አሳየችው። «ይህ መካከለኛ እግር የመሬት ሽቦ ነው። ኮረንቲ ወደ ብረቱ ሲያመልጥ ወደ መሬት ይዞት ይወርዳል፤ ብሬከሩም ወዲያው ኮረንቲውን ይቆርጣል። እግሩ ቢኖር ኮምፒውተሩ በመጀመሪያው ቀን አልሠራም ይል ነበር፤ ሚፍታም ተናዶ ሱቅዎ ይመጣ ነበር። ማን ነው የነቀለው?»

«ሁሉም ሰው ይነቅላል፣ አቦ» አለ እንደሻው። «ያሮጌ ቤት ሶኬት ሁለት ቀዳዳ ነው። አይገባም ብሎ እንዳይመለስብኝ ስሸጥ በፒንሳ እነቅልለታለሁ። እንደ ምርቃት ነው። ደግሞም ይሠራል።»

በቀለች የተሰበረውን ጉቶ በጣቷ ዳሰሰች። እዚያ ወፍጮ ቤት፣ ከሳቁ በኋላ የተነገረው ምን እንደነበር ማወቅ ተመኘች።

«ሙንተሲር» አለች፣ «እንዲህ ጠግነህ የሰጠኸው ሌላ አለ?»

ፊቱ አመድ መሰለ። ስልኩን አወጣ። «ጢቾ ከተማ፣ አንዲት ደንበኛ ቤት አለ» አለና ደወለ። ጥሪው ረዘመ። ነቢላ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ማርያም? ሙንተሲር ነኝ። ኮምፒውተሩ በርቷል? ... አይ፣ አጥፊው አላልኩም! እጅሽን አንሺ። አትንኪው። ሂጂና ብሬከሩን ዝጊ። አሁን፣ እየሰማሁሽ።»

«ዘጋችው» አለ ሙንተሲርና ተንሸራቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ኢንስፔክተር፣ ቃሌን እሰጣለሁ። ውሰጅኝ።»

ነቢላ ከወንድሞቹ መካከል ወጥታ ወደ በሩ ሄደች። ፈይሩዛ ወደ ኋላ ሸሸች። «አፉ በይኝ፣ እህቴ» አለች ነቢላ። «በጨለማ ነበርኩ።» ፈይሩዛ የተዘረጋላትን እጅ ያዘች።

ከዚያ ነቢላ ፊቷን ወደ እንደሻው መለሰች። «ለኔ ካሳ አትስጠኝ። ስንት ቤት ነው እግሩን የነቀልከው?»

«አላውቅም። የሸጥኩት ሁሉ ነው። ዲክሲስ፣ ጮሌ ከተማ፣ እዚህ አሰላም።» ላቡን ጠረገ። «ይህን ካወራሁ ግን ሱቄ አለቀለት። ማን ከኔ ይገዛል?»

ውጭ የጄኔሬተሮቹ ድምፅ አንድ በአንድ ቆመ፤ የቤቱ አምፖል ቦግ አለ። መብራት መጣ። ሁሉም፣ እንደሻውም ጭምር፣ ዓይናቸው እግሩ ወደተነቀለው ሶኬት ሄደ። በዚህች ቅጽበት በየከተማው ስንቱ ብረት ኮረንቲ ይዞ እንደተቀመጠ እያሰበ ይመስል፣ እንደሻው እጁን ከጠረጴዛው ላይ ሳብ አደረገ።

ሼህ ሰኢድ ቀስ ብለው «ልጄ፣ እኔም ዝም ብዬ አድሬያለሁ» አሉት። «ሌሊቱ ረጅም ነው።»

እንደሻው ከኪሱ ፒንሳውን አወጣና በቀለች ፊት አስቀመጠው።

«ከዲክሲስ እጀምራለሁ» አለ። «ሰው አልልክም፤ ራሴ እሄዳለሁ። የሶኬቱን እግር የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ ገመዱን ልቀይርላችሁ መጣሁ እላለሁ። በየበሩ።»