ሙቁ ጫፍና ቀዝቃዛው ጫፍ

የሾርባው ድስት ውስጥ አፈር ሲንጠባጠብ ኔዳ ቀና ብላ ጣራውን አየች። ጣራው ድንጋይ ነው፤ ከድንጋዩ በላይ ኮረብታ አለ፤ ኮረብታውን ከወጥ ቤቷ የሚያገናኘው አንድ የአየር ቱቦ ብቻ ነው። ቱቦው አጠገብ የሚቆፍር ሰው አለ ማለት ነው።

ማንኪያዋን እንደያዘች ወጣች። ኦፓል የሚባል የከበረ ድንጋይ በሚቆፈርበት በዚህ ከተማ ሰው የሚኖረው ከመሬት በታች፣ ከድንጋይ ተፈልፍሎ በተሠራ ቤት ውስጥ ነው። ሳያስፈቅዱ የሰው ጣራ ላይ መቆፈር የሰው አልጋ ላይ በጫማ እንደ መቆም ይቆጠራል።

«አንተ! ከበታችህ ሰው ምሳ እየሠራ ነው!»

ወጣቱ ቀና አላለም። ለሶላር ምሰሶ ከቆፈረው ጉድጓድ አጠገብ ተንበርክኮ፣ ውሃ በእጁ እንደሚጠጣ ሰው መዳፎቹን ገጥሞ ወደ ውስጥ ይመለከታል።

«ዝም በይ» አላት በሹክሹክታ። ወዲያው ደነገጠ። «ይቅርታ፣ ማለቴ... ነይ እዪ።»

መዳፉ ላይ ከኔዳ ጣት የማትረዝም እንሽላሊት ተኝታለች። ጀርባዋ ላይ የእንቁላል ቅርፊት ተለጥፏል። በጎንና በጎኗ የተደረደሩት እሾሆች ገና ለስላሳ ናቸው፤ የጭራዋ ጫፍ ደምቷል።

«ወንድሞቿ ተፈልፍለው ሄደዋል። እሷ ዘግይታ ነው የወጣችው። አካፋዬ ነካት» አለ ወጣቱ።

«ምንድን ናት?»

«ጢማም እንሽላሊት።»

«ታዲያ ጢሟስ?»

«ገና ልጅ ናት» አለና የራሱን አገጭ ዳሰሰ። እሱም ጢም አልነበረውም። ኔዳ ልትቆጣ ወጥታ ሳቀች።

ሐሚሽ ይባላል። ከደቡብ፣ ከስንዴ አገር የመጣ ነው፤ ሶላር እየተከለ ከከተማ ከተማ ይዞራል፤ የሚያድረው መንገድ ዳር ባቆማት ተጎታች ቤት ውስጥ ነው። እንስሳዋን ማን ይውሰዳት በሚለው ላይ ብዙ አልተከራከሩም።

«የኔ ቤት ቀን ቀን ዳቦ ይጋግራል። እኔ ሥራ ውዬ ስመለስ ተጠብሳ ትጠብቀኛለች» አለ።

«እኛ ቤት ግን በጋም ክረምትም የለም» አለች ኔዳ በኩራት። «ሁልጊዜ ሃያ ሦስት ዲግሪ ነው። እኔ ራሴ እዚያ ነው ያደግሁት።»

ሐሚሽ መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ የቤቷን ጨለማ በር አየ፤ አንድ እርምጃም ወደ ኋላ አለ።

ኔዳ ያን ጊዜ ልብ አላለችውም። ልብ ያለችው በማግስቱ ነው፤ ትንሿን ፍጥረት ሊጠይቅ መጥቶ ከበሩ አላለፈም። ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ ደፉ ላይ ቆመ።

«ግባ እንጂ! ማን ያዘህ?»

«እዚሁ ይሻለኛል። ንገሪኝ፣ ምን ታደርጋለች?»

«ተኝታለች።»

«ቀለሟስ?»

«እንደ ደረቅ ሣር።»

«ዓይኗስ?»

«አንዱን ገልጣ ታየኛለች። እኔም አየኋት። ሁለታችንም ምን እንደምንባባል አላወቅንም።»

ከበሩ የመጣው ሳቅ በድንጋዩ ግድግዳ ላይ እየተላተመ እስከ ወጥ ቤቱ ዘለቀ። ኔዳ ሳቁ ቤቱ ውስጥ ትንሽ እንዲቆይ ፈለገች።

ከዚያ ወዲያ በየማታው መጣ። ከበሰበሰ የአጥር እንጨት ላይ ምስጥ ለቅሞ በጠርሙስ ያመጣል። በእንስሳዋ ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ቦታ የሚበልጥ ምግብ እንዳትሰጣት፣ ካርቶኑ ውስጥም አሸዋ ሳይሆን ወረቀት እንድታነጥፍ ከደፉ ላይ ይጮኽላታል። እሷ ከውስጥ ትመልሳለች። ስሟን «ጢሞ» ያሏት በእንዲህ ዓይነት ጩኸት ነው።

«ይሄ ልጅ መስማት ይቸግረዋል ወይስ መራመድ?» አሉ አባቷ አንድ ቀን። አባቷ ስቲፔ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኦፓል የቆፈሩ ሰው ናቸው።

«መሬት ውስጥ ሲገባ ትንፋሹ ያጥረዋል፣ አባዬ።»

አባቷ ወደ ጓዳው ግድግዳ ዞሩ። በከተማው ልማድ ልጅ ሲዳር አባት ወደ ኮረብታው ልብ ጠልቆ አንድ ክፍል ይፈለፍላል፤ ሙሽሮቹ እዚያ ይገባሉ። ስቲፔ ግድግዳው ላይ የክፍሉን በር በኖራ ካሰመሩ ቆይተዋል።

«ታዲያ የሰማይ ሰው ለዚህ ቤት ምን ይሆናል?» አሉ።

ኔዳም አንድ ሌሊት እንኳ ከመሬት በላይ አድራ አታውቅም። ሰማይ በላይዋ ተከፍቶ እንቅልፍ እንዴት እንደሚወስዳት ማሰብ ያቅታታል። እሱ አይወርድም፣ እሷ አትወጣም፤ በመካከላቸው ያለው በር ነው፣ በር ላይ ደግሞ ማንም ኑሮ አይመሠርትም።

ጢሞ መብላት አቆመች። ምስጡ አፍንጫዋ ላይ ሲሄድባት እንኳ ዝም አለች፤ ቀለሟ ጠቆረ። ሐሚሽ ወላጅ አልባ እንስሳት የሚያሳድጉ ኦልዊን የሚባሉ ባልቴት ስልክ ፈልጎ ሰጣት። የባልቴቷ ድምፅ ከሩቅ ከተማ እየተቆራረጠ መጣ፤ «...አልትራቫዮሌት ብርሃን ያስፈልጋታል፣ ያለዚያ አጥንቷ አይጠናም...» አሉና መስመሩ ጠፋ።

«አልትራቫዮሌት!» ኔዳ በደስታ ዘለለች። እዚህ ከተማ የሱ መብራት የሌለው ማን አለ? ቆፋሪዎቹ የተጣለውን ድንጋይ በጨለማ ክፍል ውስጥ በዚሁ መብራት ሥር ያሳልፉታል፤ ያመለጣቸው ኦፓል ካለ ያበራል። ያባቷን መብራት አምጥታ ካርቶኑ ላይ ሰቀለችው።

«ሊቅ ነሽ!» አለ ሐሚሽ ከደፉ።

ጢሞ ግን ዓይኖቿን ጨፈነች። በማግስቱም አልገለጠቻቸውም። በሦስተኛው ቀን ኔዳ ከበሩ ለሚመጣው ጥያቄ መልስ መስጠት አቃታት።

ያኔ የእርምጃ ድምፅ ሰማች። ሐሚሽ ግድግዳውን በሁለት እጁ እየዳሰሰ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ላብ እያንጠባጠበ ወረደ። ካርቶኑ ላይ አጎነበሰ። ጢሞ የደረቀች ቅጠል መስላለች።

«እዚህ ውስጥ ምን ነገር ይኖራል ብለሽ ነው?» አለ።

«ልጄ ኖራለች» አሉ ስቲፔ ከጓዳ።

ሐሚሽ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ኔዳ ዓይኑን ጠበቀች፤ እሱ ግን ወለሉን ያይ ነበር።

«ሥራዬ አርብ ያልቃል» አለ በመጨረሻ። መንገዱን እየዳሰሰ ወጣ።

ኔዳ አላለቀሰችም፤ ስልኩን አነሳች። ኦልዊን ታሪኩን ሰምተው ረጅም ሳቅ ሳቁ፤ ከዚያ ድምፃቸው ለሰለሰ።

«የኦፓል መብራት! ልጄ፣ እሱ ድንጋይ ለማየት ነው የተሠራው። አልትራቫዮሌት ብዙ ዓይነት ነው፤ የምትፈልገው የፀሐይዋን ነው። ያንቺ ግን ዓይኗን አስጨፈናት። ስንት ዲግሪ ነው ቤታችሁ?»

«ሃያ ሦስት። ሁልጊዜ።»

«ለሰው ግሩም ነው። እሷ ግን በሙቀት ካልተጋገረች የበላችው አይፈጭላትም።»

«እንግዲያው ሙቅ ቦታ ላስቀምጣት?»

«እሱም ይገድላታል። የሷ ቤት አንዱ ጫፍ ሙቅ፣ ሌላው ጫፍ ቀዝቃዛ ነው። አንቺ አትመርጪላት። እሷ ራሷ ትመላለስ።»

በጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትከፋ፣ ኔዳ የእንጨት ሣጥን ይዛ ኮረብታው ላይ ወጣች። ላዩን በወንፊት ሸፈነች። አንዱ ጫፍ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ለፀሐይ አጋለጠች፤ ሌላውን ጫፍ በአሮጌ ጆንያ ጋረደች። ጢሞን ድንጋዩ ላይ አኖረቻት። የውሃ ጠብታ በጣቷ አፍንጫዋ ላይ ጣል አደረገች። ከዚያ ተቀመጠች።

ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም። ጢሞ ጥቁር ጀርባዋን እንደ ምንጣፍ ዘርግታ ሙቀቱን ጠጣች። ቀስ በቀስ ጥቁረቱ ከራሷ ጀምሮ ለቀቀ፤ የድርቆሽ ቀለም፣ ከዚያ ቢጫ ወጣ። አንዱ ዓይን ተገለጠ። ምላሷ ውሃውን ነካ። ሲረፍድ ተነሥታ በራሷ እግር ወደ ጥላው ሄደች፤ በዚያም ኔዳ ከበተነቻቸው ምስጦች አንዲቷን ዋጠች።

ኔዳ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያኔ ነው ፊቷ መቃጠሉ የታወቃት። ይህን ያህል ጊዜ ሰማይ ሥር ተቀምጣ አታውቅም፤ ሰማዩም አልወደቀባትም።

ጥላዋ ሣጥኑ ላይ ሲያርፍ ጢሞ አንድ ፊት እግሯን አነሣች። በዝግታ፣ በአየር ላይ ክብ ሠርታ አውለበለበችው፤ መልሳ አስቀመጠችው። ኔዳ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። ቀና ስትል ማዶ ኮረብታ ላይ፣ በመጨረሻው ሶላር አጠገብ፣ ሐሚሽ ቆሞ ያያታል።

አላሰበችበትም። ክንዷን አነሣችና በዝግታ፣ በአየር ላይ፣ ክብ ሠራች።

ሐሚሽ መፍቻውን ጣለ። ክንዱን አነሣና ያንኑ ክብ ሠራ። ከዚያ ቁልቁል መሮጥ ጀመረ።

«የተከፈተ የማዕድን ጉድጓድ አለ! እግርህ ሥር እያየህ!» ብላ ጮኸች።

ሲደርስ ትንፋሹ ተቆርጦ ነበር። ሣጥኑን አየ፣ ቢጫዋን ጢሞ አየ፣ የኔዳን የቀላ አፍንጫ አየ።

«ያ የክንድ ነገር ምንድን ነው?»

«እሷ ናት ያስተማረችኝ። አሁን ኦልዊንን ደውዬ እጠይቃለሁ።»

ጠየቀች። ስልኩን ዘግታ ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አለች።

«‹ትንሽ ነኝ፣ አትጉዳኝ› ማለት ነው።»

ሐሚሽ አጠገቧ ተቀመጠ። «እኔም መልሼልሻለሁ እኮ።»

«አይቻለሁ።»

«ኔዳ፣ ትናንት ያልኩት... ፍርሃቴ ነው የተናገረው። ቤትሽን ለመናቅ አይደለም።»

«መብራቱን የሰቀልኩት እኔ ነኝ።»

«‹ሊቅ ነሽ› ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

አርብ አለፈ፤ ተጎታች ቤቷ ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም። የት ይኖራሉ የሚለው ጥያቄ ግን እንዳለ ነው፤ ከሣጥኑ ዳር ሆነው ደጋግመው አነሡት፣ አልቋጩትም።

አንድ ጠዋት ከሥራቸው ምድር ተንቀጠቀጠች። የስቲፔ መቆፈሪያ ማሽን ነው። ኔዳ ልቧ ቀዘቀዘ፤ አባቷ በኖራው መስመር ወደ ኮረብታው ልብ መጥለቅ ጀምረዋል ማለት ነው። ድምፁ ግን አልራቀም። እየቀረበ መጣ። ሐሚሽ ሣጥኑን ብድግ አድርጎ አቀፈ። ከእግራቸው ዝቅ ብሎ፣ የኮረብታው ጎን ተሰነጠቀ፤ አፈር ተንዶ የማሽኑ ጥርስ ብቅ አለ፣ ከኋላውም የአቧራ ደመና፣ ከደመናው ውስጥ ዓይናቸውን በፀሐይ ያጨነቆሩ ስቲፔ።

በዚህ ከተማ ወደ ውጭ የሚቆፍር ሰው ታይቶ አይታወቅም። ቅዝቃዜውም ኦፓሉም ያለው ውስጥ ነው።

«አባዬ! ምን እያደረግህ ነው?»

«ክፍል» አሉ እያሳሉ። «ስልክሽ ላይ ስትጮኺ ሰምቻለሁ፤ ድንጋይ ጆሮ አለው። ይሄ ሙቁ ጫፍ ነው። ወደዚያ ቀዝቃዛው።» ወደ ሐሚሽ ዞሩ። «አንተ የሰማይ ሰው፣ ምን ታየኛለህ? ልጄን ለጋብቻ የጠየቀኝ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። አቧራው እስኪረግብ ልጠብቅህ? ጠይቀኝ።»

ሐሚሽ ሣጥኑን እንዳቀፈ ጠየቃቸው።

ጢሞ አድጋ ጢሟ ሲጠቁር ኮረብታው ላይ ለቀቋት፤ ኦልዊን ያዘዙት እንደዚያ ነበር። ሩቅ አልሄደችም። ጠዋት ጠዋት አዲሱ በር አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ወጥታ ትሞቃለች። ኔዳና ሐሚሽ አልጋቸውን በክፍሉ ውስጥ እየገፉ ከወር ወር ቦታ ይለውጡለታል፤ ወይ እሷ ትንሽ ወደ ብርሃን ትጠጋለች፣ ወይ እሱ ትንሽ ወደ ውስጥ። ሐሚሽ ሥራ ውሎ ከማዶ ኮረብታ ሲመለስ መጀመሪያ ክንዱን ያነሣል። ኔዳም በሩ ላይ ቆማ፣ በዝግታ፣ ክቡን ትመልስለታለች።