ፊልሙ ላይ የሌለው ጨርቅ

ከሚሴ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ያለው ሙሐመድዘይን ጠዋት ከቴሌቪዥኑ ሥር ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ ከኋላ ተሰንጥቋል። ዓይኑ በቀይ ጨርቅ፣ አገጩ በነጭ ጨርቅ ታስሯል። ያገኘችው ሚስቱ ዙቤይዳ ናት። በነጠላዋ ሸፈነችውና በሩ ላይ ተቀመጠች፤ ፖሊስ እስኪመጣ ማንንም አላስገባችም።

ማታ የታየው ፊልም ሰው እየገደለ ዓይን በቀይ ጨርቅ ስለሚያስር ሰው ነበር። ሙሀመድኑር የሚባል የባጃጅ ሹፌር ያንን ፊልም ደጋግሞ ያየ ነው፤ ከሟቹም ጋር ተጣልቶ ነበር። ታሰረ። ከተማው ፈርዶበታል።

ኢንስፔክተር ዘሃራ የሟቹን ታላቅ ወንድም እዚያው ደጅ ላይ አነጋገረችው።

«አያ ሲራጅ፣ አስከሬኑን አይተውታል?»

«ልቤ አልቻለም። አልገባሁም።»

«ፊልሙንስ?»

«እኔ እንዲህ ያለ ሐራም አላይም፣ እቴ። ዝጋው ስለው ከርሜያለሁ። ልጆቹ ሲያወሩ ግን እሰማለሁ። ይኸው፣ እንደ ፊልሙ ዓይኑንም አገጩንም አስረው ጣሉት።»

ከዚያ ወደ እስረኛው ሄደች።

«ፊልሙ እንዴት ነው?»

«ይህን ልትጠይቂኝ መጣሽ?»

«አዎ።»

ሙሀመድኑር አሰበ። «ጨለማውና ዝናቡ ጥሩ ነው፤ ሰው ይይዛል። ግን ገዳዩ ለምን እንደሚገድል አይነገርም። ገድሎም ዞር ብሎ አያይም። ወላሂ፣ እንደዚያ ያለ ሰው የለም።»

«ታዲያ ለምን ደጋግመህ አየኸው?»

«ምክንያቱ ያመለጠኝ መስሎኝ።»

ዘሃራ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ብቻዋን አየችው። ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበች። ሙሀመድኑር በካቴና መጣ።

«ፊልሙ ውስጥ ገዳዩ ዓይን ያስራል፤ አገጭ አንድም ጊዜ አያስርም» አለች። «የሟች አገጭ የምናስረው እኛ ነን፣ አፉ ተከፍቶ እንዳይቀር። ቀዩ ጨርቅ ለማስመሰል ነው። ነጩ ከሐዘን ነው። ዙቤይዳ፣ ነጩን አንቺ ነሽ ያሰርሽው?»

«አይ። ሳገኘው ታስሮ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።»

«እኛም የተናገርነው ስለ ቀዩ ብቻ ነው። አያ ሲራጅ፣ አስከሬኑን አላዩም፤ ፊልሙንም አላዩም። አገጩ መታሰሩን ከየት አወቁ?»

ሲራጅ መሬት መሬት አየ።

«ዝጋው አልኩት። ሳቀብኝ። ገፋሁት፣ የጠረጴዛው ብረት ላይ ወደቀ። አፉ ተከፍቶ ቀረ። ወንድሜ ነው። እንደዚያ ትቼው መሄድ አልቻልኩም።»

ዘሃራ ካቴናውን ከሙሀመድኑር እጅ ፈታች። ሲራጅ ሳይጠየቅ እጁን ዘረጋ። ሲወስዱት በሩ ላይ ቆመ፤ ዞር ብሎም ወንድሙ የወደቀበትን ቦታ አየ።