በኤጀንሲዋ ላይ የተላከከ ሞት

ሞቱማ አልጋው ላይ በጀርባው እንደተንጋለለ ሞቷል። ከራሱ በላይ የተሰቀለው የግሉኮስ ጠርሙስ ገና ግማሽ አልደረሰም፤ ቱቦው ግራ ክንዱ ላይ እንደተለጠፈ ነው። የአምቡላንስ ሾፌር ነበር። ጠዋት ወባ እያንቀጠቀጠው በገዛ እግሩ ገብቶ፣ ከዘበኛው ጋር ተቃልዶ ነው የተኛው። ኢንስፔክተር የዝናሽ ከቀትር በኋላ ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሳም፤ ገዳይ የተባለችው ግን ተይዛ ካርድ ክፍል ተቆልፎባታል።

የዝናሽን መጀመሪያ ያናደዳት ይኸው ነው። ሬሳ ሳይነሳ ገዳይ የሚገኝበት ቤት አትወድም።

ጤና ጣቢያው ከአሶሳ ወደ ሸርቆሌ በሚወስደው መንገድ ዳር የቆመ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በረንዳው በሕመምተኛ የተሞላ ነው። ክልሉ ከተቋቋመ ጥቂት ዓመቱ ነው፤ ቢሮው በዝቶ ሠራተኛው አልደርስ ብሏል። ነርስ ሲጠፋ ጊዜ ኤጀንሲ የሚባል ነገር መጣ፤ ነርስ እየቀጠረ ለጤና ጣቢያዎች የሚያከራይ። ካርድ ክፍል የተቆለፈባትም ከእነዚህ አንዷ ናት።

«ማን ነው የቆለፈባት?» አለች የዝናሽ።

«እኔ ነኝ» አለ ታፈረ፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ። ሕዝቡ ዶክተር ይለዋል፤ እሱም አይደለሁም ብሎ አያውቅም። «የወባ መድኃኒቱ ኩዊኒን ግሉኮስ ውስጥ ተጨምሮ ጠብ ጠብ እያለ ነው የሚሰጠው። እሷ በሲሪንጅ በአንዴ ቱቦው ውስጥ ለቀቀችው፤ ልቡ ቆመ። ከአሶሳ የመጣው ሐኪምም ይህንኑ ነው ያለው። ባዶዎቹ ብልቃጦች ትሪዋ ላይ ተገኝተዋል።»

«እርስዎ አይተዋታል?»

«እኔ አሶሳ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ይመሰክርልኛል። ያየቻት ሲስተር ወለተሥላሴ ናት።»

«ነርሷ ማን ትባላለች?»

ታፈረ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ኤጀንሲዋ ነው የምንላት። ስሟን እንግዲህ ከፋይሏ...»

የዝናሽ ጥርሷን ነከሰች። ሰውየው በነፍስ ግድያ የከሰሳትን ልጅ ስም አያውቅም። አለቃዋም ቢሆን ከዚህ አልተሻለም። «ነገሩ ያለቀ ነው» ብሏታል ስትወጣ፤ «ሰኞ ጠዋት ልጅቷን ለዐቃቤ ሕግ አስረክቢ።» ቀኑ ዓርብ ነው።

ሬሳው ላይ ጎንበስ አለች። መርፌውን የያዘው ፕላስተር ሁለት ዓይነት ነው። ከሥር ያለው ቡናማ፣ በመቀስ የተቆረጠ፣ ሲላጥ እንዳያሳምም ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ፤ ግማሹ ግን ተነስቷል። ከላይ ደግሞ ነጭ ፕላስተር ተደርቦበታል፤ ለቁመቱ ተሰንጥቆ የቀጠነ፣ ጫፉ የተቦጫጨቀ። ከዚያ ትሪው ላይ ያሉትን ባዶ ብልቃጦች አገላበጠቻቸውና ወደ ካርድ ክፍሉ ሄደች።

ነርሷ ትርሐስ ትባላለች። ቀይ ሹራብ ለብሳ፣ ትንሽ የቆዳ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ዓይኗ የቀላው በንዴት ነው።

«ስንት ጊዜ ልናገር? አንድ ብልቃጥ ግሉኮሱ ውስጥ ጨመርኩ። ጠብታውን አስተካክዬ ከፓምፑ ውኃ ልቀዳ ወጣሁ። ስመለስ ሞቷል። ሌሎቹን ብልቃጦች አላውቃቸውም።»

«ነርስ ውኃ ትቀዳለች?»

«ዓርብ ቀትር ላይ ዘበኛው ጁምዓ ይሄዳል። ያኔ ውኃው የኤጀንሲ ሥራ ነው ተብሏል። እንደ እኔ ሆነው አንድ ወር ይሥሩና ይዩት! ቶንጎን ስለምድ ድባጤ ይልኩኛል፣ ድባጤን ስለምድ እዚህ። ስቶሩ ለእኔ አይከፈትም፤ የዕለቱን መድኃኒት ቆጥረው ያስይዙኛል። መቀስና ፕላስተር የምገዛው ራሴ ነኝ። ጋወኑ እንኳ የእኔ አይደለም፤ ዛሬ ጠዋት የኤጀንሲው ሱለይማን መጥቶ አስወልቆኝ ቶንጎ ለምትሄደው ልጅ ወሰደው።»

«ታዲያ ለምን ትቆያለሽ?»

ትርሐስ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ባለፈው ወር አንዲት የበርታ ሴት አዋለድኩ። ጠዋት ስትሄድ ስሜን ጠየቀችኝና ለልጇ አወጣችላት። እሷ ስሜን ጠየቀችኝ! አብረውኝ የሚሠሩት ግን አንድም ቀን...» ቀሪውን ዋጠችው።

ሲስተር ወለተሥላሴ የአንድ ሽማግሌ ቁስል እያሸገች ነው። በጤና ጣቢያው ከሁሉም በፊት የነበረች ነርስ ናት፤ እጇ ፈጣን፣ አንደበቷ ለስላሳ። ሕመምተኛው ሁሉ ይመርቃታል።

«እንዴት ያለ ጉድ ነው፣ ኢንስፔክተር! ሞቱማ እኮ እንደ ወንድሜ ነበር።» ነጩን ፕላስተር ቆረጥ አድርጋ ጫፉን በጥርሷ ያዘችና ለቁመቱ ሰነጠቀችው። የዝናሽ እያየቻት መሆኑን ስታውቅ ፈገግ አለች። «እጥረት ነው። እዚህ ቤት የቆየን ሁሉ እንዲህ ነው የምናደርገው። ዶክተርም ድሮ መርፌ ሲይዝ እንዲሁ ነበር።»

«ያዩትን ይንገሩኝ እስቲ።»

«ቤቴ እዚሁ ከግቢው ጀርባ ነው። ቀትር ላይ ተራዬ ሲደርስ በጓሮ በር ስገባ በመስኮት አየኋት። ያንን አረንጓዴ ጋወኗን ለብሳ፣ አልጋው አጠገብ ቆማ፣ ሲሪንጁን ቱቦው ላይ ሰክታ ስትገፋ። በዓይኔ በብረቱ! ለካ ሰው እየገደለች ነው።»

«ገብተው አልጠየቋትም? ርክክብ የለም?»

«ከኤጀንሲ ጋር?» ሳቅ አለች። «እነሱ መጥተው ሂያጅ ናቸው። እኛ እንገባለን፤ እነሱ ይወጣሉ። በቃ።»

«ሞቱማን ነክተውታል?»

«ሲሞት እንኳ አልደረስኩበትም። የኤጀንሲዋን ጩኸት ሰምቼ በሩ ላይ ብደርስ አልቋል። ዶክተር እስኪመጣ ማንም እንዳይገባ ቆለፍኩት።»

የዝናሽ አመስግና ወጣች። በረንዳው ላይ ስትደርስ ቆመች፤ የሆነ ነገር ከንክኗታል።

ዘበኛው ሙርሳል በሩ ላይ መቁጠሪያውን ይዞ ተቀምጧል። የበርታ ሽማግሌ ነው፤ አማርኛ ሲናገር ሴቱንም ወንዱንም፣ ራሱንም ጭምር ‹እሱ› ያደርጋል።

«አቶ ሙርሳል፣ ትርሐስን ዛሬ አይተሃታል?»

«ጠዋት እሱ መጣ፣ ሰላም አለ። ያ ሱለይማን ጋወን ወሰደ። ብርድ ነበረ፤ እሱ ቀይ ሹራብ አደረገ። ወላሂ፣ እኔ አዘነ።»

«ሞቱማስ ጠላት ነበረው?»

ሙርሳል ግራ ቀኝ ካየ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያ ትህትና፣ በፊት የነበረ ኤጀንሲ፣ ታውቃለህ? ክረምት ላይ ነፍሰ ጡር መጣ፤ ደም ፈሰሰ፤ ሞተ። ትህትና ገደለ አሉ። ውሸት! ትህትና ብቻውን ነበረ። ተረኛው ሲስተር ወለተሥላሴ ነበረ፤ ሰርግ ሄደ። በአምቡላንስ ሄደ! ሞቱማ ነዳ።»

«ሞቱማ ነው የነገረህ?»

«እኔ በር ከፈተ፤ አየ። ሞቱማ ግን እንቅልፍ አጣ። ሰኞ አሶሳ ኮሚቴ ትህትናን ፈቃድ ሊነጥቅ ነው። ሞቱማ ‹ሄጄ እናገራለሁ› አለኝ። ‹ለሲስተር ደግሞ ነግሬዋለሁ፣ በድብቅ አልከሰውም› አለኝ።»

«አንተስ ለምን ዝም አልክ?»

«ኮሚቴ ዘበኛ ይጠይቃል?» አለ ሙርሳል።

ሰኞ ጠዋት ሁሉንም ሞቱማ የሞተበት ክፍል ሰበሰበቻቸው፤ ታፈረን፣ ወለተሥላሴን፣ ሙርሳልን፣ የኤጀንሲውን ሱለይማንን። ትርሐስ በሁለት ፖሊስ መሃል ቆማለች። ውጭ በረንዳው ላይ ሕመምተኞች ይጠባበቃሉ።

«ልጅቷን ለመውሰድ ይህ ሁሉ ስብሰባ ለምን አስፈለገ?» አለ ታፈረ።

«ስሟ ትርሐስ ነው» አለች የዝናሽ፤ ድምፅዋ ሻክሯል። «እንግዲህ ስሙኝ። ሞቱማ የሞተው በአንዴ በተለቀቀ ኩዊኒን ነው፤ እዚህ ላይ ሐኪሙም ዶክተርም ትክክል ናቸው። ጥያቄው የማን እጅ ለቀቀው ነው። መጀመሪያ ብልቃጡን እንይ። ለትርሐስ የተሰጣት አንድ ነበር። ትሪው ላይ ግን ብዙ ተገኘ። ትርፉ ከየት መጣ? ከስቶር። ስቶሩ ለኤጀንሲ አይከፈትም። ዶክተር፣ ቁልፉ የማን ነው?»

«የእኔ... አሶሳ ስሄድ ግን ለሲስተር እተዋለሁ።»

«ዓርብ ትተውት ነበር?»

«አዎ።»

«እሺ፤ ሁለተኛው ፕላስተሩ ነው። ትርሐስ ቡናማ ፕላስተሯን በመቀስ ቆርጣ፣ ጫፉን አጥፋ ነው የለጠፈችው። እሱ ተነስቶ ነጭ ተደርቦበታል። በኃይል ሲገፋ መርፌው ከቦታው ተንሸራቶ ነበር፤ ገፊው አስተካክሎ ለጠፈው። በለመደው እጁ ለጠፈው፤ በጥርስ ተይዞ ለቁመቱ የተሰነጠቀ ፕላስተር። የዚህ ቤት ሰው እጅ ነው። ክፍሉ ደግሞ ሞቱ ከተሰማ ጀምሮ ተቆልፎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የለጠፈ የለም።»

«እኔ አሶሳ ነበርኩ!» አለ ታፈረ በድንጋጤ።

«አውቃለሁ፤ አጣርቻለሁ። አቶ ሙርሳልም መስጊድ ነበር። ሱለይማን፣ አንተ ዓርብ ጠዋት ከዚህ ምን ወሰድክ?»

«ጋወኑን ነዋ» አለ ሱለይማን እያፈረ። «የድርጅቱ ንብረት ነው፤ ለቶንጎዋ ልጅ...»

«ቀትር ላይ ጋወኑ የት ነበር?»

«ቶንጎ መንገድ ላይ፣ መኪና ውስጥ።»

የዝናሽ ወደ ወለተሥላሴ ዞረች። እስከዚያ ድረስ እርስዎ ስትላት ቆይታ ነበር፤ አሁን አንቱታው ከአፏ ወደቀ።

«በዓይኔ በብረቱ አየሁ ያልሽው አረንጓዴ ጋወን ቶንጎ መንገድ ላይ ነበር። ትርሐስ ቀኑን ሙሉ በቀይ ሹራብ ነው የዋለችው። አብራሽ የምትሠራ ልጅ ዓርብ ዕለት ምን እንደለበሰች አታውቂም፤ ምክንያቱም ቀና ብለሽ አይተሻት አታውቂም! ሙርሳል መስጊድ እንደሚሄድ፣ ውኃው የእሷ ሥራ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ከቤትሽ ሆነሽ የፓምፑን ድምፅ ስትሰሚ በጓሮ ገባሽ። ውሸቱን ስትፈጥሪም እንደለመድሽው ልጅቷን ትተሽ ጋወኑን ከሰስሽ።»

ወለተሥላሴ ወደ ታፈረ አየች፤ ታፈረ ወደ መሬት። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ሞቱማ ነው ያመጣው» አለች፤ ያ ለስላሳ አንደበቷ ደርቋል። «‹ይቅር በይኝ፣ ሰኞ ልናገር ነው› አለኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ሕዝብ ሲመርቀኝ ኖሬ፣ ለአንዲት ኤጀንሲ ብሎ... እነሱ እኮ ይሄዳሉ! ሌላ ቦታ ይቀጠራሉ። እኔ የት እሄዳለሁ?»

«ፈቃዷን የተነጠቀች ነርስ የት ትቀጠራለች?» ብላ ጮኸች ትርሐስ። «እኔስ ብሰቀል የት ነበር የምሄደው? መልሽልኝ እንጂ!»

አንዱ ፖሊስ ወለተሥላሴን በክንዷ ይዞ አስነሳት። ታፈረ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እንግዲህ ስህተት ነበር። ኤጀን... ትርሐስ ወደ ሥራዋ ትመለስ። በእኛ በኩል ነገሩ ተዘግቷል።»

የዝናሽ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። «ምንም አልተዘጋም፣ ዶክተር። ትህትና ዛሬ ረፋዱ ላይ ኮሚቴው ፊት ትቀርባለች፤ የሚመሰክርላት ሰው ደግሞ ዓርብ ተገደለ። አቶ ሙርሳል፣ ያን ዕለት አምቡላንሱ ወደ ሰርጉ ሲወጣ በሩን የከፈትከው አንተ ነህ። ከሞቱማ ጎን ማን ነበር የተቀመጠው?»

ሙርሳል ሰኞ ጠዋት እንደ ዓርብ ዕለቱ ግራ ቀኝ አላየም።

«ከኋላ ሲስተር። ከፊት እሱ» አለና ጣቱን ታፈረ ላይ ቀሰረ። «ዶክተር።»

የታፈረ ፊት አመድ መሰለ። አንዲት ሴት ደሟ እየፈሰሰ፣ አንዲት ልጅ ብቻዋን እየጮኸች ሳለ መኪናውና ኃላፊው የሰርግ ድንኳን ውስጥ ነበሩ። ያውቅ ነበር። እያወቀ ትህትናን ከሰሰ፤ እያወቀ ፈረመ፤ ዓርብ ዕለትም ሌላዋን ስሟን እንኳ ሳይጠይቅ ቆለፈባት።

«ከተናገርኩ ሥራዬን አጣለሁ» አለ በሹክሹክታ። «ልጆች አሉኝ።»

«ሟቿም ልጆች ነበሯት» አለች የዝናሽ። «መኪናው ውጭ ነው። ሄደው የሚያውቁትን ይናገራሉ፤ አልናገርም ካሉ ደግሞ ሙርሳል ይናገራል። ኮሚቴው ዘበኛ አልጠይቅም ቢል እኔ እጠይቀዋለሁ፤ እዚያው እርስዎ ፊት።»

ታፈረ ኮቱን አነሳ። በረንዳው ላይ ሕመምተኞቹ መንገድ ለቀቁለት፤ «ዶክተር፣ ወዴት ነው?» አለው አንዱ። እግሩን መኪናው ላይ ሲያሳርፍ ትርሐስ ከኋላው ደረሰች።

«ስሟን ታውቀዋለህ?» አለችው። እስከ ዓርብ እርስዎ ነበር የምትለው።

«ትህትና» አለ ዓይኑን ሳያነሳ።

«እዚያ ስትደርስ መጀመሪያ ለእሷ ንገራት። ዓይኗን እያየህ። ለኮሚቴው ከዚያ በኋላ ትነግራለህ።»

ታፈረ አንገቱን ነቀነቀና ገባ። የዝናሽ ሙርሳልን ከፊት አስቀምጣ በሩን ዘጋችና እሷም ከኋላ ገባች፤ መኪናው አቧራውን እያስነሳ ወደ አሶሳ ነጎደ። ሱለይማን ትርሐስን በሩቁ ጠራትና ድባጤ ቦታ እንዳለ፣ ከፈለገች ነገ እንደሚወስዳት ነገራት። ትርሐስ ፊቷን ወደ በረንዳው መለሰች። ጤና ጣቢያው ውስጥ ከእሷ በቀር አንድም የጤና ሠራተኛ አልቀረም፤ በረንዳው ላይ ደግሞ አንዲት እናት በትኩሳት የሚቃጠል ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ትርሐስ ሁለቴ በረጅሙ ተነፈሰችና ሴትዮዋ ፊት ቁጢጥ አለች።

«ማን ይባላል?» አለቻት።