ባላምባራስ ሆራ ውሃ የጠጡ ዕለት

አዳማ ባቡር ጣቢያ ሸንኮራ የምትሸጠው አማረች ያን ሰውዬ ገና ከባቡር ሲወርድ አልወደደችውም። ባርኔጣውም ከረባቱም ኩራተኛ አስመሰሉት። ከእሷ ሸንኮራ ገዝቶ በጥርሱ ሊልጥ ሲታገል ግን ሳቋ አመለጣት።

«ከሥሩ ይጀምሩት እንጂ ጌታዬ! ጥርስዎ ይወልቃል።»

«ፈረንጅ አገር ከርሜ ጥርሴም ረስቶታል» አለና እሱም ሳቀ።

ገርባ ይባላል፤ የመልካሳው ባለርስት የባላምባራስ ሆራ ልጅ ነው። አሜሪካ ሄዶ የተማረው መንግሥት ሰውን እንዴት እንደሚገዛ፣ ሕግም ለማን እንደሚያዳላ የሚመረምር ትምህርት ነበር። እዚያም አንድ ቀን ጥቁር በመሆኑ ብቻ ከነጮች ፉርጎ ጎትተው አወረዱት። ከዚያ ወዲህ በዘራቸው የተነሳ መብታቸውን ስለተነፈጉ ሰዎች ከማጥናት ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። ወደ አገሩ የተመለሰውም በአዋጅ ነጻ የወጡ ባሮች እንዴት እንደሚኖሩ ጠይቆ ሊጽፍ፣ አዲስ አበባም አስተማሪ ሊሆን አስቦ ነው።

አዳማ ውስጥ «እትዬ ቡዜን ጠይቅ» አሉት። ቡዜ በልጅነቷ ከከፋ ተነድታ የተሸጠች ናት። ጌታዋ ሲሞት በአዋጁ ነጻ ወጥታ፣ አሁን አዋሽ ዳር ሸንኮራ እየተከለች ትኖራለች። ገርባ ቤቷ ሄዶ በሩን ሲመታ የከፈተችለት ያቺው ሸንኮራ ሻጭ ሆነች፤ ለካ ልጇ ኖራለች።

«እናትሽን ስለ ባርነታቸው ዘመን ልጠይቃቸው ነበር።»

የአማረች ፊት ተለወጠ። «እናቴ ያን ለመርሳት ዕድሜዋን ፈጅታለች። እርስዎ መጥተው ሊቀሰቅሱባት ነው?»

ገርባ ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ «እውነትሽን ነው» አላት። «እኔም ከባቡር ያወረዱኝን ነገር እስከ ዛሬ ለአባቴ አልነገርኩም።»

«ለምን?»

«አፈርኩ። የበደለኝ ሌላ፣ ያፈርኩት እኔ።»

በሩን ልትዘጋ የነበረችው ልጅ እጇ ላላ። ይህን ዓይነት ሐፍረት በእናቷ ዓይን ውስጥ ስታየው ነው ያደገችው።

ከዚያ በኋላ ገርባ ጠዋት ጠዋት በኦሮምኛ ሰላምታ፣ «አካም ቡልተን፣ እትዬ ቡዜ!» እያለ ይመጣ ጀመር። ምንም አይጠይቅም። እጅጌውን ሰብስቦ ሸንኮራውን ውሃ ያጠጣል፣ ቦዩን ይጠርጋል። አማረች እያየችው እንደሆነ ሲያውቅ ዶማው ይስትበታል። እሷም ማየቷ ሲታወቅባት ወደ ወንዙ ትዞራለች። «እርስዎ» መቼ «አንተ» እንደሆነ ሁለቱም አላስተዋሉም።

«ላግባሽ» አላት አንድ ቀን።

«አባትህ አጥንት ይቆጥራሉ።»

«ይቁጠሩ።»

«ገርባ፣ ስለ አሜሪካ ጥቁሮች ስትናገር ሰምቼሃለሁ፤ ልብ ይነካል። ግን አሜሪካ ሩቅ ናት። አባትህ ቅርብ ናቸው።»

ገርባ በዚያው ዕለት ተነሥቶ ወደ መልካሳ ሄደ። የተመለሰው ግን ወሬው ብቻ ነበር፤ ባላምባራስ «የባሪያ ልጅ ደጄን አትረግጥም!» ብለው ጮኸዋል፤ ገርባም ለማንም ሳይናገር የአዲስ አበባን ባቡር ተሳፍሯል። ወደ አማረች ብቅ እንኳ አላለም። እሷም አላለቀሰችም። «አውቀው ነበር» እያለች ሸንኮራዋን ትቆርጣለች፤ ሌሊት ግን እንቅልፍ የለም።

ሰንብቶ አንድ ከሰዓት በኋላ ባላምባራስ ሆራ ራሳቸው መጡ። ከበቅሏቸው ሳይወርዱ በአጥሩ ላይ ተጣሩ።

«አንቺ ሴትዮ! ልጅሽን ያዥልኝ። በእሷ ምክንያት ልጄ ርስቱንም እኔንም ትቶ ወጣ!»

አማረች ይህን ሰምታ ከቤት ወጣች። ትቶ የሄደው እሷን አልነበረም ማለት ነው።

ቡዜ ከሸንኮራው መሐል እጇን እየጠረገች ወጣች።

«ልጅዎን ገርባ ያለው ማን ነው፣ ጌታዬ?»

«እኔ ነኝ።»

«በኦሮምኛ ባሪያ ማለት አይደለም? የባላምባራስ ልጅ ስለምን ባሪያ ተባለ?»

ሽማግሌው ልጓሙን ጨበጡ። «ከእሱ በፊት የተወለዱትን ሁሉ ሞት ወሰደብኝ። ይህን እንኳ ንቆ ይለፍልኝ ብዬ ነው።»

«አለፈው?»

«አለፈው» አሉ።

«ታዲያ የእኛ ስም ልጅዎን ካተረፈልዎ፣ የእኔ ልጅ ምን ታደርግብዎታለች?»

ባላምባራስ ልጓሙን ለቀቁ። ቀስ ብለው ከበቅሏቸው ወርደው ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጡ። ባሪያ ከነበረ ሰው እጅ ውሃ ቀምሰው የማያውቁ ሰው ናቸው። ቀና ብለው ቡዜን አዩ።

«እትዬ ቡዜ» አሉ፤ «ጠምቶኛል። ውሃ ይሰጡኛል?»

አማረች ጆሮዋን ማመን አቃታት። አሁን «አንቺ ሴትዮ» ያሉት ሰው እናቷን አንቱ አሏት። ቡዜ በቅል ውሃ አመጣች። ባላምባራስ እስከ መጨረሻው ጠጡና «ሽማግሌ እልካለሁ» ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ገርባ ከባቡር ወርዶ፣ አቧራ ለብሶ፣ በሩጫ መጣ። አማረችን ሲያይ ፋታ እንኳ አልሰጣት።

«ሳልሰናበትሽ የሄድኩት ባዶ እጄን ላለመምጣት ነው። የማስተማሩን ሥራ አገኘሁ፣ ቤትም ተከራየሁ። አባቴ ይርገሙኝ፤ ርስቱም ይቅርብኝ። ሰውን በአጥንቱ የሚለይ ሕግ አሜሪካም ቢሆን መልካሳም ቢሆን ያው ሕግ ነው። እኔ የማገባው አጥንት አይደለም፤ አንቺን ነው። እምቢ ካልሽም፣ እሺ እስክትይ ቦይ እጠርጋለሁ!»

አማረች ከንፈሯን ነክሳ ሁሉንም አስጨረሰችው።

«አባትህ ትናንት እዚህ ተቀምጠው ውሃ ጠጡ» አለችው። «ሽማግሌ እልካለሁ ብለዋል።»

ገርባ እዚያው ቦዩ ዳር ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ሳቁ አመለጠው።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ስለፈልፍ ዝም ትይኛለሽ?»

«ደስ ይላላ!» አለች፤ አጠገቡ ተቀመጠች። «እስቲ ያንን የአጥንቱን እንደገና በለው።»

ገርባም እንደገና አለው።