ከዳቦው ፎቶ በስተጀርባ

የታሰረው ሰው ገዳዩ አልነበረም። የቀረው ስህተት ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

የጓሳ ሳር ምድር ጥበቃ ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ ወልደ አማኑኤል በ2007 ዓ.ም. በአስተርዮ ማርያም ዕለት ከጓሳ አፋፍ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ወድቀው ሞተው ተገኙ። ስልካቸው የለም። ከአፋፉ ላይ ጠባቂው ምንተስኖት የሟቹን ፈረስ ልጓም ይዞ ቆሞ ነበር። ሳጅን አወቀ ፈረሱን አየ፤ ልጁን አየ፤ ምርመራውን ጨረሰ። ከዚያ በላይ ለማሰብ ገደሉን መውረድ ያስፈልግ ነበር፤ ሳጅን አወቀ ደግሞ ቁልቁለት አይወድም።

ምክትል ኢንስፔክተር እፀገነት ከደብረ ብርሃን የመጣችው እስረኛውን ወደዚያው የሚወስደው መኪና ሊንቀሳቀስ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ኮምፒዩተር ነበር፤ ፖሊስ የሆነችበትን ምክንያት ለሚጠይቋት ሁሉ መልስ አትሰጥም።

«ጉዳዩ አልቋል፤ የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው» አላት ሳጅን አወቀ።

«የሟቹ ስልክ ተገኘ?»

«ገደል ገብቷል።»

«ፈለጋችሁት?»

«ገደል ነው እኮ ኢንስፔክተር!»

«ሰውየውንም ያገኛችኋቸው እዚያው ገደል ውስጥ ነው» አለችና አልፋው ሄደች።

ምንተስኖት የታሰረው በቀበሌው አዳራሽ ጓዳ፣ በማዳበሪያ ከረጢቶች መካከል ነበር። ገና ጢሙ ያልሞላ ልጅ ነው። የበግ ጠጉር ባናውን ተከናንቦ ግድግዳ ተደግፏል።

«የጓሳ ጠባቂ ብቻውን አይሄድም፤ ሕጋችሁ ሁለት ሁለት ነው። ለምን አብረሃቸው አልሄድክም?»

«እኔም ይህንኑ አልኳቸው። ከጥበቃ ጎጆው ደጃፍ ተቀምጠን ሳለ በስልካቸው መልእክት ገባ። አነበቡትና ቀና ብለው አዩኝ። ‹ፈረሱን ያዝ፤ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል› አሉኝ።»

«እንዴት አድርገው አዩህ?»

«እንደ ሌባ» አለ ልጁ። «ሲቆዩብኝ ፈረሱን እየሳብኩ ተከተልኩ። አፋፉ ላይ ማንም የለም። ከታች ግን… እባክዎ ኢንስፔክተር፣ እዚህ የሚያውቁኝ ሰዎች ካላመኑኝ እዚያ ማን ያምነኛል?»

«ላጽናናህ አልመጣሁም። መልእክቱን ማን እንደላከው ነገሩህ?»

«አልነገሩኝም።»

«በቃ። ይህን ነው የፈለግሁት።»

ወደ ጓሳ ወጣች። ጓሳ ከተዘጋ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው እስኪከፍቱት ድረስ አንዲት እፍኝ ሳር ማጨድ ከሌብነት የከፋ ነውር ነው፤ አጫጁ ስሙ በአደባባይ ከተጠራ ከዕድርም ከማኅበርም ይወጣል፤ ደጁን የሚረግጥለት አይኖርም። እፀገነት በአፋፉ ዳር ስትራመድ ሁለት ነገር አየች። ከጉብታው ጀርባ፣ ከጎጆው በማይታይ በኩል፣ ሳሩ በማጭድ ተላጭቷል፤ ቁርጡ ገና አልደረቀም። ሁለተኛው ነገር ስልኳ ነው። ከጎጆው ደጅ መልእክት ብቻ ይገባ ነበር፤ እዚህ አፋፉ ላይ ግን ኔትወርኩ ሙሉ ሆነ። ፎቶ መላክ የፈለገ ሰው የሚመጣው እዚህ ነው።

የኮሚቴው ምክትል ሊቀመንበር አቶ በዕውቀቱ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ የሟቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። ወንበሩ ገና አልቀዘቀዘም፤ እሱ ግን ተደላድሎበታል።

«ልጁ የኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት ነበረበት» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ።

«ሰው ገደል የሚከት አመለካከት ነው?»

«እንግዲህ ከግንዛቤ እጥረት የሚመነጭ…»

«አቶ በዕውቀቱ፣ እዚህ ስብሰባ የለም። ሟቹ በመጨረሻ የነገሩዎት ነገር አለ?»

ስብሰባ አለመኖሩ ቅር አሰኘው። «ጋሼ ወልዴ በዓሉ ሊደርስ ሲል ኮሚቴውን ሰብስበው ‹እሑድ ከቅዳሴ መልስ የአንድ ሳር አጫጅ ስም እጠራለሁ› አሉን። የማን እንደሆነ አልተናገሩም። ከድርጊቱ ስንነሣ ግን የምንተስኖት ነበር ማለት ነው።»

«ከየትኛው ድርጊት?»

«ከመግደሉ።»

«ገዳይ ስለሆነ ሳር አጭዷል፤ ሳር ስላጨደ ገድሏል። ጥሩ አድርገው አስበውበታል። እርስዎ የት ነበሩ?»

«ኮሚቴው በሙሉ እማማ ጥሩሸዋ ቤት የማርያም ማኅበር ላይ ነበር። ማስረጃውም ይኸው!» ስልኩን አወጣ። በኮሚቴው የመልእክት ቡድን ውስጥ አንድ ፎቶ አለ፤ ሙሉ ድፎ ዳቦ፣ ጽዋ፣ ነጠላ የለበሱ ሰዎች። ከሥሩ «ማኅበራችን በአሁኑ ሰዓት፤ በረከቷ ይደርብን» ይላል። የላከው ሌላው የኮሚቴው አባል፣ የስልክ ነጋዴው ፍቅረ ሥላሴ ነው። የተላከው በቀትር፣ ልክ ሽማግሌው በሞቱበት ሰዓት ግድም ነው።

እፀገነት ፎቶውን ወደ ኮምፒዩተሯ ገለበጠችው። ለእንዲህ ያለ ደብዛዛ ፎቶ የፋይሉ ክብደት በዛ። ስልኩን ገልብጣ የጀርባውን ጽሑፍ አነበበች፤ ሶሎና ይላል።

«ይህን ስልክ ከየት ገዙት?»

«ሁላችንም ከፍቅረ ሥላሴ ነው የገዛነው። ዘመናዊ ነው» አለ በኩራት።

እማማ ጥሩሸዋ ስለ ዳቧቸው ሲጠየቁ ከሊቀመንበሩ ሞት ይልቅ ዳቦው አንገበገባቸው።

«መቼ ተቆረሰ ነው የምትዪኝ ልጄ? በጠዋት ነዋ! ቄሱ ሌላ አጥቢያ ለፍትሐት ተጠርተው ከቅዳሴ መልስ ወዲያው ባርከው፣ ቆርሰው ሄዱ። በቀትርማ ፍርፋሪውም አልነበረም።»

«ሁሉም ድርሻውን ወሰደ?»

ፊታቸው ተለወጠ። «አንድ ማኅበርተኛ ሳይባረክ ውልቅ ብሎ ወጣ። ድርሻውን ሰፌድ ከድኜ አኖርኩለት፤ እስከ ዛሬ አለ፣ ደርቋል። እንዲህ ያለ ንቀት አይቼ አላውቅም! ስሙን ግን በማኅበሯ ቤት አልጠራም፤ ነውር ነው።»

«ነገ በቀበሌው ቤት ይጠሩታል?»

«እዚያማ እጠራዋለሁ!»

ከመምሸቱ በፊት ሞላሌ ከተማ ወርዳ ፍቅረ ሥላሴ ሱቅ ገባች። ሰውየው በሁለት ጣቱ ሁለት ስልክ በመያዣ ቀለበታቸው ያንጠለጠለ፣ ደንበኛውን ሁሉ የማያውቅ ሕፃን አድርጎ የሚያይ ዓይነት ነው። አንድ ገበሬ ስልኩን ዘርግቶለት ቆሟል።

«ማሻሻያ ጫን፣ ማሻሻያ ጫን ይለኛል፤ ምን ላድርገው?»

«እንዳትነካው! ካርድህን ነው የሚበላብህ። ፋብሪካው አንተን አያውቅህም፤ እኔ ነኝ የማውቅህ።» ወደ እፀገነት ዞረ። «እንኳን ደህና መጡ እመቤት። ሶሎና ልስጥዎት?»

«የተሰረዘ መልእክት ይመለሳል በዚህ ስልክ?»

ፈገግ አለ። «አይመለስም። እኔ በምሸጠው ስልክ የጠፋ ጠፋ ነው።»

«ለአንዳንዱ የምሥራች ነው» አለች። ዓይኗ ጥግ ላይ ወደተደረደሩት የቴሌቪዥን ካርቶኖች ሄደ። እንዳይሰበሩ በዙሪያቸው ሳር ተጎዝጉዟል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ግንዱ አረንጓዴ የጓሳ ሳር።

«ጥሩ ሳር ነው።»

«የድሮ ነው። ከጣሪያ የወረደ።»

ከጣሪያ የወረደ ሳር ጥቀርሻ እንጂ አረንጓዴ ግንድ የለውም። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያሻም። ምንም ሳትገዛ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰቡ። መኪናው ደጅ ላይ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ምንተስኖት እጁ እንደታሰረ ከሳጅን አወቀ አጠገብ ተቀምጧል። በዕውቀቱ ንግግር ሊያደርግ ተነሣ።

«ይቀመጡ» አለችው እፀገነት። «ይልቅ ስልክዎን ያውጡ። የፈለጉትን ቃል ይጻፉ፤ ሳይልኩ ይሰርዙት። ከዚያ ይህን ግድግዳ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ።»

በዕውቀቱ ጻፈ፣ ሰረዘ፣ አነሣ፣ ላከ። እፀገነት ፎቶውን በኮምፒዩተሯ እንደ ሥዕል ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ከፈተችው። ገጽ ሙሉ ዝባዝንኬ ምልክት ወረደ፤ ከማለቂያው ላይ ግን ፊደል ታየ።

«‹ሰላም ለሁላችን› ብለው ጽፈው ሰረዙ።»

በዕውቀቱ አፉን ከፈተ።

«ከሱም በፊት ለአንድ አለቃ የጻፉት አለ። ‹ልጁ ዛሬ ይሸኛል፤ የሊቀመንበርነቱን ነገር አደራ፣ ወንበሩን ይዤዋለሁ።›»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እማማ ጥሩሸዋ «እሰይ!» አሉ።

«ይህ የግል ጉዳይ ነው!» ብሎ ጮኸ በዕውቀቱ።

«ነበር። ስልካችሁ የሚሠራው እንዲህ ነው» አለች እፀገነት። «እማማ፣ ጠላ የተጠጣበትን አንኮላ ሳያጥቡ ለሚቀጥለው እንግዳ ይቀዱበታል?»

«የእኔ ቤት? እግዜር ያውጣኝ!»

«ይህ ስልክ ግን ይቀዳበታል። ፎቶ ሊልክ ሲል ከውስጡ አንድ ቦታ ይይዛል። ቦታው ላይ ቀድሞ የተጻፈውን አያጸዳም። ፎቶው ቦታውን ካልሞላው የቀረው አተላ አብሮ ይሄዳል። ፎቶውን ብቻ የሚያይ ሰው አተላውን አያየውም፤ ግን አለ። ፋብሪካው ጥፋቱን አምኖ ማስተካከያ ከላከ ቆይቷል፤ ‹ማሻሻያ ጫን› የሚላችሁ እሱን ነበር።»

ትናንት ሱቁ ውስጥ የነበረው ገበሬ ከኋላ «ካርድ ይበላል የተባለው?» አለ።

«እሱኑ።» ወደ መሀል ራመድ አለች። «አሁን ወደ ሬሳው እንመለስ። ጋሼ ወልዴ ሕጋቸውን ጥሰው ብቻቸውን ሄዱ፤ ጠባቂያቸውንም እንደ ሌባ አይተውት ነው የሄዱት። መልእክቱ ስለ እሱ ክፉ ነገር ነግሯቸዋል ማለት ነው። ምንተስኖት ቢሆን ኖሮ አጠገባቸው ተቀምጦ መልእክት መላክ ባላስፈለገው። የላከው የማርያምን ዕለት የመረጠ ሰው ነው፤ በዚያ ቀን ሰው ሁሉ በዓል ላይ ስለሆነ ከጠባቂው በቀር ጓሳ ላይ የሚያይ የለም። እናንተ ደግሞ ሁላችሁም በቀትር ማኅበር ላይ እንደነበራችሁ በዚህ ፎቶ ትምላላችሁ። ፎቶው ላይ ያለው ዳቦ ግን አልተቆረሰም። እማማ፣ መቼ ተቆረሰ?»

«በጠዋት!»

«ስለዚህ በጠዋት ተነሥቶ ‹በአሁኑ ሰዓት› ተብሎ በቀትር ተላከ። ሳይቆረስ የወጣው ማነው?»

እማማ ጥሩሸዋ እጃቸውን ዘረጉ። «ያውልሽ! ፍቅረ ሥላሴ!»

ፍቅረ ሥላሴ ሳቀ። «ዳቦ አልበላሁም ተብሎ ሰው ይታሰራል? ሥራ ነበረብኝ።»

«የላኩትን ፎቶ አተላ ላንብብልዎት?» አለችና ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ኮምፒዩተር ጎንበስ አለች። «‹ጋሼ ወልዴ፣ አጫጆቹን ይዣቸዋለሁ። አፋፉ ላይ ነኝ። ምንተስኖት የነሱ ሰው ነውና ብቻዎን ይምጡ።›»

ምንተስኖት ቀና አለ። ሽማግሌው ለምን እንዲያ እንዳዩት አሁን ገባው።

«የቻይና ጉድ ነው! እርስዎ የጻፉት ሊሆን ይችላል!» ብሎ ጮኸ ፍቅረ ሥላሴ።

«ሳጅን፣ አንተም ቡድኑ ውስጥ አለህ፤ ስልክህን አምጣ።» ገመዱን ሰክታ የሱንም ከፈተችው። ያው ቃል ነው። «የኮሚቴው ቡድን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ስልክ ላይ አለ። ከራስህ ሰርዘኸዋል፤ የሟቹን ስልክ ወርውረኸዋል፤ ከዚያ ለማስረጃ ብለህ በፎቶ ጠቅልለህ ለሁሉም በተንከው። ማስተካከያውን እንዳይጭኑ የከለከልካቸው አንተ ነህ፤ ራስህም አልጫንከውም። በገዛ ዕቃህ የተያዝክ ነጋዴ ነህ።»

አንቱታው መቅረቱን ሁሉም ሰሙ።

«ሳሩን አሳጭደህ ለመናፈሻ ጎጆ ጣሪያ ትሸጣለህ፤ በተረፈህ ቴሌቪዥን ትጠቀልላለህ። እሑድ የሚጠራው ስም ያንተ ነበር።»

«ለመንኳቸው» አለ ፍቅረ ሥላሴ ቀስ ብሎ። «ስሜን እንዳይጠሩ ብቻ ነው የለመንኳቸው። እምቢ አሉ። ማን ሱቄ ይገባል ከዚያ በኋላ?»

«ልመና ብቻ ቢሆን ፎቶ ባላስፈለገህ።»

ሳጅን አወቀ የምንተስኖትን እጅ ፈትቶ በዚያው ካቴና ፍቅረ ሥላሴን አሰረ፤ ካቴናው አንድ ብቻ ነበር። ደጅ ላይ ያለው መኪና የመጣለትን ሰው ሳይሆን ሌላውን ጫነ።

በዕውቀቱ ዕድሉን አገኘ። ተነሣ፣ ኮቱን ቆለፈ። «እንግዲህ እንደ ኮሚቴ ሁላችንም ተሳስተናል። ወጣት ምንተስኖትም ቅር ሳይለው፣ ከሂደቱ ትምህርት ወስዶ…»

ምንተስኖት ከጓዳው ባናውን አወጣ። የማዳበሪያውን ብናኝ ከበዕውቀቱ ኮት አጠገብ አራገፈው። ካሰሩት፣ ካሳሰሩትና ሲታሰር ዝም ካሉት መካከል አንዱንም ሳያይ አዳራሹን አቋርጦ ሄደ።

«ንግግሩ አላለቀም እኮ!» አለ በዕውቀቱ።

ልጁ ወጣና በሩን ከውጭ ዘጋባቸው።