ፍሬኑን የያዘችው

ይህን የምጽፍላችሁ እንድታምኑኝ ብዬ አይደለም። ሆኗል። የሚያምነኝ ባይኖርም ሆኗል።

ጨለማ አልነበረም። ዝናብም አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይ የቆርቆሮውን ጣራ እያንጣጣችው፣ ከቤታችን ጓሮ ባለችው ጋራዥ ውስጥ ነው።

ባሌ መካኒክ ነው። እኔ ደግሞ እግሩ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው... የመኪና ፍሬን ሲታደስ በቧንቧው ውስጥ የቀረው አየር መውጣት አለበት። ለዚህ ሥራ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ከመኪናው ሥር ይተኛል፤ ሌላው ከላይ ተቀምጦ ፔዳሉን ይረግጣል። አይተያዩም። የሚያገናኛቸው ድምፅ ብቻ ነው።

«ርገጪ!» ይለኛል ከሥር።

እረግጣለሁ።

«ያዢ!»

«ይዣለሁ!»

ያን ጊዜ ብሎኑን ይፈታል፤ አየሩ ተንፍሶ ሲወጣ መልሶ ያጠብቀዋል። ከተጋባን ጀምሮ ሥራችን ይኸው ነው። «ይዣለሁ» ካልኩት ቀና ብሎ አያይም። «እግሬ» እያለ የሚጠራኝም ለዚሁ ነው።

መኪናዋን የገዛናት ከሐራጅ ነው። ከአያቶቻችን ዘመን የተረፈች፣ ጥቁር፣ ዓይኗ የፈጠጠ... አድሰን ለሙሽሮች ልናከራያት፣ እሱም ከሰው ጋራዥ ተቀጣሪነት ሊወጣ ነበር። ያለን ሁሉ እሷ ላይ ፈሰሰ።

የሐራጁ ሠራተኞች ከመጋዘኑ ገፍተው አወጧት። ውስጧ የገባ ግን አንድም ሰው አልነበረም። መታጠፍ ሲኖርባት በመስኮቱ እጃቸውን ሰደው መሪውን ያዞሩ ነበር።

«ምነው ጎበዝ፣ አንዳችሁ ግቡና መሪ ያዙ እንጂ! አትነክስም!» አለ ባሌ።

የመጋዘኑ ዘበኛ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ቦታው ተይዟል፣ ልጄ» አሉኝ... ዝቅ ባለ ድምፅ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁላቸው።

ውስጧ አቧራ ነበር። ወንበሩ፣ መሪው፣ መስተዋቱ... ሁሉም አቧራ ለብሷል። የፍሬኑ ፔዳል ብቻ ንጹሕ ነበር። ሲረገጥ እንደኖረ ብረት ያብለጨልጫል።

ወንበሩን አዲስ ስፖንጅ አስሞላነው። በማግሥቱ መካከሉ ጎድጉዶ አገኘሁት።

«ተቀምጠህበት ነበር እንዴ?»

«እኔማ ከሥሯ መች ወጣሁ! ሳልሞት ቀበረችኝ እኮ!»

ሳቅን።

ከዚያ የፍሬኑ ሥራ ተጀመረ። የፊቶቹን ጎማዎች ጨርሰን ወደ ኋላ ስናልፍ እንዲህ አለኝ...

«እግሬ፣ ዛሬስ ምን አጣደፈሽ? ሳልጠይቅሽ ነው "ይዣለሁ" የምትዪው።»

እኔ አፌን አልከፈትኩም ነበር።

አልነገርኩትም። ቀባጠረች ይለኛል ብዬ ዋጥኩት። እጄ ግን መሪው ላይ ነበር... ብረቱም የሰው ገላ ያህል ይሞቅ ነበር።

የቀረን አንድ ጎማ ብቻ ነበር፤ የኋላው ግራ። ጎማውን ፈታና ኋላዋን በክሪክ አንጠለጠላት። ሌላ ጊዜ ባሌ ክሪክ አያምንም፤ ሁልጊዜ ከጎኑ ግንድ ይደግፍበታል። ያን ቀን ግን ቸኮለ።

«ለአንዲት ጎማ ብዬ!» አለና ተንሸራትቶ ገባ።

የፍሬን ዘይቱ ጎደለ።

«ዘይት ላምጣ፣ እንዳትነካ» ብዬ ወረድኩ። መዶሻ እየመታ ስለነበር ይስማኝ አይስማኝ አላረጋገጥኩም። ጠርሙሱን ከቤት ይዤ ስመለስ የጋራዡ በር ላይ ደረስኩ።

እዚያው ቆምኩ።

«ርገጪ!» አለ ባሌ ከሥር።

ፔዳሉ ሲጥ አለ...

«ያዢ!»

«ይዣለሁ!»

ድምፁ የእኔ ነበር።

የገዛ ራሴ ድምፅ... ከመኪናዋ ውስጥ።

ወንበሩ ላይ ማንም የለም። በተከፈተው በር በኩል ፔዳሉ ይታየኛል፤ እስከ ወለሉ ወርዶ ተጣብቋል።

«እሰይ እግሬ! ይህን ጉልበት ከየት አመጣሽው?» እያለ ይስቃል ባሌ።

ይስቃል...

«ርገጪ!»

በዚህኛው መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ተናወጠች። ክሪኩ ጋደል አለ።

«ውጣ!» ልል ነበር። ሹክሹክታ ብቻ ወጣኝ። «ከሥሯ ውጣ... አሁኑኑ...»

«እ? ከየት ነው የምታወሪው?»

«ውጭ ነኝ! በሩ ላይ ነኝ!»

«እዚሁ ነኝ» አለ ድምፄ ከላዩ። «አትውጣ... ትንሽ ነው የቀረው።»

ከመኪናዋ ሥር የሚታዩኝ የባሌ እግሮች ብቻ ነበሩ። ቀስ ብለው ተጠጋጉ... እንደ ፈራ ሕፃን እግር።

«አትስማት!» አልኩ።

«አትስማት!» አለች።

«ሁለታችሁም ዝም በሉ!»

ሁለታችሁም አለ።

ክሪኩ ሲንሸራተት አየሁት። ጠርሙሱን ጥዬ ሮጥኩ። ቁርጭምጭሚቱን በሁለት እጄ ጨምድጄ፣ በጀርባዬ እስክወድቅ ድረስ ጎተትኩት። መኪናዋ በኋላዋ ዘጭ አለች... ደረቱ በነበረበት ቦታ ላይ።

አቧራው ረጋ። ባሌ ይተነፍሳል። እግሩ አሁንም በእጄ ነው።

ያን ጊዜ ከመኪናዋ ውስጥ ለቅሶ ተሰማ። የእኔ ለቅሶ። እናቴን በቀበርኩ ማግሥት፣ በሩን ዘግቼ፣ ትራስ ነክሼ ያለቀስኩት... ከእሱ በቀር ማንም ያልሰማው።

ባሌ ወደ እኔ ዞረ። ፊቴን አየ። እጄን አየ። እግሩን ከእጄ መነጨቀ።

«አንቺ ማን ነሽ?»

«እኔ ነኝ... እኔ እኮ ነኝ!»

«አትንኪኝ...»

በቂጡ እየተሳበ ራቀኝ። ግድግዳ ይዞ ተነሣ። ስሙን ጠራሁት። ደጋግሜ ጠራሁት። አልዞረም። እየተንገዳገደ ወደ ሾፌሩ በር ሄደና እጁን ወደ ባዶው ወንበር ዘረጋ።

«አይዞሽ... በቃ፣ አለቀ። ነይ ውረጂ» አለ። ለእኔ ብቻ በነበረው ድምፁ።

ጣቶቹ አንድ ነገር ላይ ተጠቀለሉ።

የመኪናዋም ትከሻ፣ በሾፌሩ በኩል ያለው፣ ሰው ሲወርድለት እንደሚሆነው... ቀስ ብሎ ከፍ አለ።